ኔሬይዳ ያልጻፈችው መስመር

ሳንቲያጎ ደ ኩባ ውስጥ፣ ቲቮሊ በሚባለው ዳገታም ሰፈር፣ ኔሬይዳ ካብራሌስ ምን ሠርታ እንደምትኖር በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ «ኢንጂነሯ» ይላታል፤ ግን ድልድይ ስትሠራም ሬዲዮ ስትጠግንም አይቷት አያውቅም። የሚያያት በመስኮቷ በኩል፣ የምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር በመቆንጠጫ ይዛ ቁጥር እያነበበች ደብተር ላይ ስትጽፍ ነው። አንድ ቀን የማዶ ጎረቤቷ ኦሬስቴስ የዶሚኖ ጨዋታውን አቁሞ፣ «ኔሬ፣ እነዚህን ነገሮች ትመዝኛቸዋለሽ ወይስ ታናዝዣቸዋለሽ?» ቢላት፣ «አናዝዛቸዋለሁ። ካንተ ቶሎ እውነቱን ያወጣሉ» አለችው።

መልሷ ከሥራዋ ብዙም የራቀ አልነበረም። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራ ሰው ሽቦና ብየዳ ከመንካቱ በፊት ሰርኪቱን ኮምፒውተር ላይ ይስለዋል፤ ፕሮግራሙም ኤሌክትሪክ እንደተለቀቀበት አድርጎ ውጤቱን ያሳየዋል። ፕሮግራሙ ግን ከራሱ ምንም አያውቅም። አንድ ዳዮድ፣ ያ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ዕቃ፣ በስንት ቮልት እንደሚከፈት፣ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ፣ ሲሞቅ ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው የሚጽፍለት አጭር ፋይል ሞዴል ይባላል፤ አሥር አሥራ አምስት መስመር፣ በየመስመሩ አንድ ስምና አንድ ቁጥር። ሌላ አገር ሞዴሉን ፋብሪካው ራሱ ጽፎ ይሰጣል። ኔሬይዳ አገር ዕቃው የሚገኘው ከሞተ የሩሲያ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ ተነቅሎ ነው፤ የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ የፋብሪካው አገርም ፈርሷል። ስለዚህ ሞዴሉን የምትጽፈው እሷ ነበረች።

የተወለደችው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የስኳር ፋብሪካ መንደር ነው። አባቷ መካኒክ ነበር፤ ልጁ ሰባት ዓመት ሳይሞላት የትኛው ማርሽ እንደታመመ በድምፁ ብቻ ትነግረው ነበር ይባላል፤ አባት ስለ ልጁ ሲያወራ የሚጨምረውን ቀንሰን ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኤሌክትሮኒክስ ተማረች፤ ከዚያም የስኳር ፋብሪካዎች መለኪያ መሣሪያ በሚጠገንበት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራች። አገባች፤ ባሏ አንድ ቀን ለስብሰባ ኦልጊን ከተማ ሄደ፤ ስብሰባው እስከ ዛሬ አላለቀም። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ክፍሉም ተዘጋ። እሷ የኤሌክትሪክ መለኪያዋንና አሮጌ ላፕቶፗን ይዛ ቤቷ ገባችና ሥራዋን ቀጠለች። ያዘዛት ሰው የለም። መተው አልቻለችም፣ በቃ።

ሞዴል መጻፍ ያስተማራት ኤቫሪስቶ የሚባል የክፍሉ አለቃ ነው። ቁጡ ሰው ነበር፤ ሕጉም አንድ ነበር። «ዕቃን ሁለት ጊዜ ለኪ» ይላታል፤ «አንዴ ቀዝቅዞ፣ አንዴ ግሎ። የዘለልሽውን መስመር ፕሮግራሙ ዝም ብሎ በዜሮ ይሞላዋል። አይጠይቅሽም፣ አያስጠነቅቅሽም። ዜሮ ደግሞ ሁልጊዜ ደስ የሚልሽን ውጤት ነው የሚሰጥሽ።» ኔሬይዳ ይህን ሕግ ሠላሳ ዓመት ጠበቀች። ትንሽ መጥበሻ ላይ ዘይት ታደርጋለች፤ ኤሌክትሪክ ምድጃዋ ላይ ትጥደዋለች፤ ቴርሞሜትርና ዕቃውን በሽቦ አንጠልጥላ ትነክራለች፤ በየአሥር ዲግሪው ቁጥሩን ትመዘግባለች። የሙቀቱን መስመር ባዶ የተወችበት ሞዴል አልነበራትም።

በሰኔ መጨረሻ አርሴንዮ መጣ። አርሴንዮ ከዳገቱ ሥር በአንዲት ጠባብ ክፍል የሞተር ሳይክል ቻርጀር የሚጠግን፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ እጁ የተባረከ፣ ምላሱ ደግሞ ከእጁ የሚቀድም ሰው ነው። ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ ከተማው የሚንቀሳቀሰው በባትሪ ሞተር ነው፤ መብራቱ ድርግም ቦግ ባለ ቁጥር ደግሞ ቻርጀሮቹን ይገድላቸዋል። በሽታቸው አንድ ነው። ባትሪው ሲሞላ «በቃ፣ አቁም» የሚለው ክፍል ይቃጠላል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ልኩን የሚጠብቀው ትንሽ ዳዮድ ደግሞ ከአገር ጠፍቷል።

አርሴንዮ አንድ እፍኝ፣ ሃያ ዳዮድ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈ። «ከስድስት ቴሌቪዥን ነው የነቀልኳቸው። ይሆናሉ ይበሉኝ፣ ኢንጂነር። አሥራ አንድ ሰው ደጄ ላይ ቆሞብኛል።»

«ቢቆሙ ምን ይሆናሉ? መቆም ለምደናል።»

«እርስዎ ሞተር ስለሌለዎት ነው የሚቀልዱት።»

«እግር አለኝ፤ ቻርጅ አይፈልግም» አለችና ዳዮዶቹን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ሃያዎቹንም በባትሪ ድንጋይ ለካቻቸው። ጥሩ ነበሩ፤ ሁሉም አሥራ ሁለት ቮልት ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። የቀረው የሙቀቱ ልኬት ነበር፤ ለእሱ ደግሞ ምድጃ ያስፈልጋል፤ ከሰል በዚያ ሰሞን አልነበራትም። በማግስቱ መብራት መጣ፤ ለሁለት ሰዓት ብቻ። ምድጃዋ ባለ አንድ ዐይን ነው። አንድ ጎን ዘይቱና ዳዮዶቹ፣ አንድ ጎን ከትናንት ጀምሮ የተነከረው ጥቁር ቦሎቄ። ቦሎቄው በዚያ ሙቀት ሌላ ቀን አይቆይም፤ ይኮመጥጣል። ዘይቱም የወሩ ራሽን ነበር፤ ዕቃ ተነክሮበት ከቀረ ወሩን ሙሉ ያለ ዘይት ልትበላ ነው። ኔሬይዳ ቦሎቄውን ጣደች። የሚፈርድባት ሰው መጀመሪያ እንደሷ ሁለት ቀን ደረቅ ዳቦ ይብላ።

ቦሎቄው ሲንተከተክ እሷ ላፕቶፑን ከፍታ ሞዴሉን ጻፈች። የሙቀቱን መስመር ዘለለችው፤ ነገ መብራት ሲመጣ ለክታ ልትጨምረው። ከዚያ የአርሴንዮን ሰርኪት ስላ ሞከረችው። የባትሪው መስመር ቀስ እያለ ወጣ፤ ሙላቱ ልክ ላይ ደረሰ፤ ተኛ። በደንብ የተነጠፈ አልጋ ይመስል ነበር። አርሴንዮ አመሻሹ ላይ መጥቶ በር ላይ እንደቆመ፣ «ይሠራል አይሠራም?» አላት።

«ገና የቀረኝ…»

«ይሠራል አይሠራም፣ ኢንጂነር?»

«ይሠራል» አለችው፤ ፋይሉንም ፍላሹ ላይ ገለበጠችለት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በማግስቱ መብራት አልመጣም። በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ሩዝ ጣደች። ከዚያ በኋላ ልብ አላለችውም፤ አርሴንዮም አሥራ አንዱን ቻርጀር ሠርቶ ለባለቤቶቹ ሰጠ፤ ባለቤቶቹም መረቁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው አላማረረም።

በሐምሌ አጋማሽ፣ የከተማው የጭፈራ በዓል፣ ካርኒቫሉ፣ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መብራቱ በመላ አገሪቱ ጠፋ። የሰፈር ፈረቃ አልነበረም፤ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሞተ፣ ስልኩም ጭምር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ዳገቱ ላይ ወሬ መጣ፦ አንዱ ማመንጫ ተነሥቷል፣ እስከ ከሰዓት ሳንቲያጎ ይደርሳል፣ ለካርኒቫሉ ሲባል ደግሞ ከመጣ በኋላ ሦስት ቀን አይጠፋም። ሰዉ ተደሰተ። እንደ ልማዱም የማቀዝቀዣውን፣ የማራገቢያውን፣ የሞተሩን ገመድ ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰክቶ ተወው፤ መብራቱ ሲመጣ አንድ ደቂቃ እንኳ እንዳያመልጠው።

ኔሬይዳ ጓሮዋ ውስጥ ከሰል አቀጣጥላ ሙዝ ጠበሰች። ሙዙ አለቀ፤ እሳቱና ትንሽ ዘይት ተረፉ። ያን ጊዜ ነው ዳዮዶቹ ትዝ ያሏት። መሳቢያ ውስጥ ዘጠኝ ቀርተው ነበር። ዘይቱን አቀዝቅዛ፣ አንዱን ከቴርሞሜትሩ ጋር በሽቦ አንጠልጥላ ነከረችው፤ እንዲያው ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብላ።

ሠላሳ ዲግሪ፣ ከአሥራ ሁለት ቮልት ትንሽ ፈቀቅ አለ። ሃምሳ ዲግሪ፣ ጨመረ። ሰባ ዲግሪ ላይ ወደ አሥራ ሁለት ተኩል ተጠጋ። ሌላ ዳዮድ ነከረች፤ ያው ነው። ሦስተኛም ያው። ለማያውቅ ሰው ግማሽ ቮልት ምንም ናት። ቻርጀሩ ግን ያችን ግማሽ በሰባት አባዝቶ ነው ባትሪው ላይ የሚጭናት።

እጇን ሳትታጠብ ላፕቶፑን ከፈተች። አሥራ አራት በመቶ ባትሪ ቀርቶት ነበር። የዘለለችውን መስመር ጻፈችና ሙቀቱን ሰባ ዲግሪ አደረገችው፤ ሶፋ ጀርባ የተወሸቀ ቻርጀር በሐምሌ እዚያ ይደርሳል። የባትሪው መስመር ወጣ። ሙላቱ ልክ ላይ ደረሰ። አልተኛም። ማንንም ሳያስቸኩል፣ በዚያው አረንጓዴ ቀለሙ፣ ልኩን አልፎ እየወጣ ሄዶ ከሥዕሉ ጫፍ ወጣ። ፕሮግራሙ ምንም አላለም። ፕሮግራሙ ውስጥ ምንም ነገር አይቃጠልም።

ኔሬይዳ ክው አለች። የሊቲየም ባትሪ ከልኩ በላይ ሲሞላ ይነድዳል፤ በአንድ ባልዲ ውሃ የሚጠፋ እሳትም አይደለም። ሌባ ስለበዛ ደግሞ ሞተሩን ውጭ የሚያሳድር የለም፤ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ፣ በሩ ሥር ነው የሚያቆመው። እሳት ቢነሣ የሚሸሹበት በር እዚያው ነው።

አርሴንዮን ክፍሉ በር ላይ በካርቶን ራሱን እያራገበ አገኘችው። አንድ ትንፋሽ ውስጥ ነገረችው።

«ኢንጂነር፣ ሦስት ሳምንት ሠርተዋል እኮ። አንድም አልተበላሸ።»

«ሦስት ሳምንት መብራት በቀን ሁለት ሰዓት ነው የመጣው። አንድም ባትሪ ሞልቶ አያውቅም። 'አቁም' እንዲሉ ማንም አልጠየቃቸውም እስካሁን።»

አርሴንዮ ካርቶኑን አስቀመጠው።

«ዛሬ ከመጣ አይጠፋም እየተባለ ነው» አለች። «ሁሉም ሰክቶ ነው የተወው። የት የት እንዳሉ ታውቃለህ?»

«አሥራ አንዱን አውቃለሁ» አለ፤ ጆንያ አነሣና ተከተላት። ምላሱ እንደዚያ ቀን አጥሮ አያውቅም፤ እሷ ግን ድንጋጤው ነው ብላ አለፈችው።

ከተማው መብራት እንዲመጣ ይጸልያል፣ እሷ እንዳይመጣ። እንዲህ ያለ ጸሎት ያሳፍራል፤ የበረዶ ከረጢት አቅፈው የልጅ መድኃኒት የሚያቀዘቅዙ እናቶች አጠገብ እያለፈች፣ ትንሽ ቆይ፣ ትንሽ ብቻ ቆይ ትላለች። በየቤቱ ያንኳኳሉ፤ አርሴንዮ ቻርጀሩን ነቅሎ ጆንያው ውስጥ ይከታል፤ እሷ ታስረዳለች። ግማሹ ሰጠ፤ ግማሹ ተቆጣ፤ አንዲት ሴት ደግሞ ሞተሯን ልብስ አልብሳ ሰው የተኛ አስመስላ ደብቃው ኖሮ፣ «የለኝም» ብላ ድርቅ አለች፤ አርሴንዮ አንሶላውን ሲገልጠው ራሷ ሳቀች። ፀሐዩ አናት ላይ ሲደርስ ስምንት ሰብስበው ነበር።

ኦሬስቴስ ዘጠነኛው ነበር፤ እሱም እንቢ አለ። ዶሚኖውን ከእጁ ሳያወርድ፣ «ኔሬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ገመድ እያየሁ ነው የተቀመጥኩት። ነገ ከበሮዎቹን ካርኒቫል የማደርሰው በምኔ ነው? በጀርባዬ?» አላት።

«በጀርባህ።»

«ጀርባዬንም ቻርጅ አድርጊልኝ እንግዲያ። አይደለም፣ ሂጂ። ያኔ ይሠራል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ» አለችው። «ሳልለካ ነው ያልኩት። ቦሎቄ ጥጄ ነበር። ሚስትህና ልጆችህ የሚተኙበትን ቤት በቦሎቄ ነው የለወጥኩት፣ ኦሬስቴስ።»

ኦሬስቴስ ተነሥቶ ገባ፤ ቻርጀሩን አምጥቶ ሰጣት፤ ምንም አልቀለደም። ሰው እንዲያምናት ያደረገው እውነቱ ነበር፤ እሷን ግን ሲያቃጥላት ዋለ።

አሥረኛው ቀላል ነበር። አሥራ አንደኛው የእማማ ኤውፌሚያ ቤት ነው፣ ከዳገቱ ጫፍ። ሞተሩ የልጅ ልጃቸው ነው፤ እሱ ሞአ በሚባል ቦታ ኒኬል ማዕድን ማውጫ ነው የሚሠራው፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። እማማ ኤውፌሚያ እግራቸውን ስለሚያማቸው አልጋቸውን ሳሎን አውርደውታል፤ በአልጋቸውና በሞተሩ መካከል አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው። በሩን ለመክፈት ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ከውስጥ የብትራቸውን ድምፅ ትሰማ ነበር፤ ኮ፣ ኮ፣ ኮ፤ ከዚያ መቀርቀሪያው፤ ከዚያ ሁለተኛው መቀርቀሪያ። እንዲህ ያለ በር ሌሊት በእሳት ውስጥ እንዴት ይከፈታል ብላ አሰበች።

እግሯ ደፉን እንደረገጠ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ዞረ።

ከዳገቱ ሥር ጩኸት ተነሣ፤ በየመስኮቱ፣ በየበረንዳው። «መጣ! መጣ!» ድስት የሚመታ አለ፤ አንዱ ከበሮ ጀመረ። አልጋው ሥር የቻርጀሩ ቀይ መብራት በራ። ኔሬይዳ ወንበሩን ገፍታ ተንበረከከችና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው።

«ምነው ልጄ፣ ምን አደረገሽ?» አሉ እማማ ኤውፌሚያ። «ሁለት ቀን የጠበቅኩት ለሱ አይደል?»

«አይሆንም እማማ፣ ይሄኛው ታሟል። ሌላ እናመጣልዎታለን።»

«እንዲያውም እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር፣ ቀይ ዐይኑን አፍጥጦ» አሉና ማቀዝቀዣቸውን ሊያዩ ሄዱ።

ኔሬይዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አሥራ አንድ። ሁሉም እዚህ ጆንያ ውስጥ ናቸው፤ ማንም አልሞተም። አሁን እቤቷ ገብታ ማራገቢያ ሥር ማልቀስ ትችላለች። ቀና ስትል አርሴንዮ አሁንም በሩ ላይ ቆሟል። ውጭ ሰው ይጨፍራል፤ እሱ ጆንያውን እንደ ተሸከመ ነው። ላቡ ደርቋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ቀኑን ሙሉ ዝም ያለበት ምክንያት ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እሷ ናት ያላነበበችው።

«ምንድነው?» አለችው።

«ፋይሉን…» አለ። «ሰርኪቱንና የእርስዎን ፋይል። ጥሩ ስለሆነ። ሌላውም ጠጋኝ ይጠቀምበት ብዬ።»

«ለማን ሰጠኸው?»

«ጥቅሉ ውስጥ አስገባሁት።»

ጥቅሉን የማያውቅ የለም። ፊልሙ፣ ድራማው፣ ዘፈኑ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ በአንድ ዲስክ ይታጨቅና በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት፣ ከከተማ ወደ ከተማ ይገለበጣል፤ ከሃቫና እስከ ባራኮዋ ያልደረሰበት ጓዳ የለም።

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው። ከባያሞ አንዱ ደውሎልኝ ነበር፤ አርባ ሠርቻለሁ አለኝ። ከላስ ቱናስም። ከካማጉዌይም። ከዚያ ወዲያ ማን እንደገለበጠው እኔም አላውቅ።» እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። «'የኔሬይዳው' ነው የሚሉት። ፋይሉ ላይ ስምዎትን ጻፍኩበት። ሰው እንዲያምነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስሟ አገሩን ሲዞር ሦስት ሳምንት፣ እሷ ሩዝ ስትለቅም ነበር።

«ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?»

«አሥራ አንዱን እንኳ እናድን ብዬ ነው» አለ አርሴንዮ፤ ማልቀስ ጀመረ።

እማማ ኤውፌሚያ ከጓዳ ሆነው፣ «ልጄ፣ መብራቱ ባያሞም መጥቷል፣ ሬዲዮኑ ተናገረ፤ መላው አገር መጥቷል ይላል» አሉ፤ ድምፃቸው የሠርግ ነበር። ከበሮው ወደ ዳገቱ እየቀረበ ነው። ኔሬይዳ ስልኳን ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። ኔትዎርኩ ተመልሷል፤ አራቱም መስመር ሞልቷል። ጣቷን ቁጥሮቹ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ከእነዚያ ከሦስቱ ከተሞች ሰዎች ወዲያ ለማን እንደምትደውል ግን አታውቅም ነበር።